ከ2ኤል ወደ 5ኤል፦ ለአሮጌ ሃይሉክስ የሚስማማ የሞተር ሱፖርት አፈላለግና አገጣጠም

የሞተር ቅየራ ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ዘይት ይበላል ወይ፣ ጭሱ ምን ዓይነት ነው። ሞተሩን ሻንሲው ላይ ይዞ የሚሸከመው ሱፖርት ትዝ የሚለው ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀዳዳ ለቀዳዳ አልገጥም ሲል ነው። በዚያ ሰዓት በያጅ ይጠራል፤ በጥድፊያ የተበየደው ብረትም በኋላ የማርሽ ዘንግ ንዝረት፣ የሻንሲ ስንጥቅና ራዲያተር የሚነካ ቬንትሌተር ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ሞተር ከመገዛቱ በፊት ነው። ሱፖርቱ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ለሞተር ቀብድ መክፈል አይገባም።

ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተውን፣ ፊቱ ባለ ባልስትራ የሆነውን ባለ አራት ጎማ ጎታች ሃይሉክስ ነው፤ ኤልኤን 105 እና ኤልኤን 106 የሚባሉትን። ደብል ጋቢናውም ሲንግሉም በየክፍለ ሀገሩ አሁንም ጭነት ላይ ናቸው። ከፋብሪካ የወጡት በ2ኤል ወይም በ3ኤል ናፍጣ ሞተር ሲሆን፣ ብዙ ባለቤት ዛሬ የሚመኘው 5ኤልን ነው። ምኞቱም ትክክል ነው። 2ኤል 2446 ሲሲ፣ 3ኤል 2779 ሲሲ፣ 5ኤል 2986 ሲሲ ናቸው፤ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ የብሎካቸው ውጫዊ ቅርጽና ካምቢዮ የሚታሰርበት ፊት ይመሳሰላል።

ሱፖርት ሦስት ዕቃ ነው

ገበያ ላይ «የሞተር ሱፖርት» ሲባል ባለ ሱቁ የሚያቀርበው ጎማውን ነው። ሞተሩን የሚሸከሙት ግን ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከብሎኩ ጎን በቡሎን የሚታሰረው ወፍራም ብረት ነው፤ እዚህ «ክንድ» እለዋለሁ። ሁለተኛው ጎማው ሲሆን በላይና በታች ከብረት ሳህን ጋር በሙቀት የተጣበቀ ነው። ሦስተኛው ሻንሲው ላይ ያለው መቀመጫ ነው። በግራና በቀኝ እነዚህ ሦስቱ ይኖራሉ፤ ከኋላ ደግሞ ካምቢዮውን አግዳሚው ብረት ላይ የሚያስቀምጥ ሌላ ጎማ አለ።

ፍለጋውን የሚያቀልለው የእያንዳንዱን ዘመድ ማወቅ ነው። ክንዱ የብሎኩ ዘመድ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የሚገጥሙት ከብሎኩ ጋር ነው። መቀመጫው የሻንሲው ዘመድ ነው። ጎማው ሁለቱን ያስታርቃል። ታዲያ «ለ5ኤል የሚሆን ሱፖርት» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው ጥያቄ «5ኤል በሃይሉክስ ሻንሲ ላይ ሲቀመጥ የሚይዘው ክንድና ጎማ» የሚል ነው። ፋብሪካው ያንን ሞተር በእርስዎ ሻንሲ ወይም በቅርብ ዘመዱ ላይ ገጥሞት የሚያውቅ ከሆነ፣ የሚፈልጉት ዕቃ በዓለም ላይ አለ ማለት ነው፤ መፈለግ ብቻ ይቀራል። ገጥሞት የማያውቅ ከሆነ ግን ሥራው ከግዢ ወደ ብየዳ ይለወጣል፤ ወጪውም አደጋውም ያድጋል። በእኔ እምነት ለሥራ መኪና ሁለተኛውን መንገድ መምረጥ የሚገባው ሌላ መንገድ የጠፋ እንደሆነ ብቻ ነው።

መለያ ሳህኑን ማንበብ

ኮፈኑን ከፍተው የፋብሪካውን መለያ ሳህን ይፈልጉና ፎቶ ያንሱት። በሞዴል ኮዱ ላይ «ኤን» የምትለዋ ፊደል የሃይሉክስን ሻንሲ ታመለክታለች፤ ከፊቷ ያለችው የሞተሩን ቤተሰብ። ኤልኤን ከሆነ የኤል ናፍጣ፣ አርኤን ከሆነ እንደ 22አር ያለ ቤንዚን፣ ዋይኤን ከሆነ የዋይ ቤንዚን ሞተር ይዞ የተወለደ ነው። ይህ ለሱፖርት ፍለጋ ወሳኝ ነው፤ ናፍጣ ሆኖ የተወለደ ሻንሲ መቀመጫው ለኤል ሞተር የተሠራ ነው። ቤንዚን የነበረን ሻንሲ ወደ ናፍጣ ለመቀየር ያሰበ ሰው ግን መቀመጫዎቹ ይገጥማሉ ብሎ በአፍ ወሬ አይመን፤ ናፍጣ ከሆነ ተመሳሳይ መኪና አጠገብ አቁሞ በሜትር ያመሳክር።

ሳህኑ የሚናገረው መኪናው ሲወለድ የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ብሎኩ ላይ የተመታውን ጽሑፍም ያንብቡ። ሊብሬው ላይ ካለው የሞተር ቁጥር ጋር አሁኑኑ ያነጻጽሩት፤ ልዩነት ካለ ከቅየራው በፊት መፈታት ያለበት ጉዳይ ነው።

አሮጌው ሞተር ሳይወርድ የሚለካ

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜ እንዲሰጠው የምለምነው ይህን ነው። አሮጌው ሞተር በቦታው ተቀምጦ ሳለ ትክክለኛው መልስ ፊትዎ አለ፤ ከወረደ በኋላ ግን ግምት ይሆናል።

መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙ። ከዋናው ፑሌ (ከሞተሩ ፊት ቺንጋ የሚያዞረው ጎማ መሰል ብረት) መሐል እስከ ራዲያተሩ ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያው ፑሌ መሐል እስከ ግራና ቀኝ ሻንሲ ውስጠኛ ጠርዝ ይለኩ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ባይሆኑ አይደንግጡ፣ ሞተር ከመሐል መስመር ትንሽ ዘወር ብሎ የሚቀመጥበት መኪና ብዙ ነው፤ እንዳለ ይመዝግቡት። ካምቢዮና ሞተር የሚጋጠሙበት ፊት ከጋቢናው ግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ። ውሃ ልክ ወይም የስልክ ማዕዘን መለኪያ ሞተሩ ጠፍጣፋ ፊት ላይ አሳርፈው ወደ ኋላ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ይጻፉ። ይህ ማዕዘን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ይመለከታል፤ ከተበላሸ የዘንጉ መገጣጠሚያ መስቀለኛዎች ቶሎ ያልቃሉ፣ መኪናውም በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ፊቱ ባልስትራ ለሆነ ሃይሉክስ አንድ ተጨማሪ ልኬት ግዴታ ነው። የፊት አክስሉ ከሞተሩ ሥር ይወጣል ይወርዳል። አክስሉ ማቆሚያ ጎማውን እስኪነካ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወጣ ይለኩ፤ የዘይት ኮፓው ከአክስሉና ከዲፈረንሻሉ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨምሮ መራቅ አለበት። ቆሞ ሲታይ ያልነካ ኮፓ ጭነት ይዞ ጉድጓድ ሲገባ ይቀደዳል።

የወለቁትን ክንዶች ግራ ቀኝ ብለው በቀለም ይጻፉባቸው፤ ቡሎኖቻቸውን በየክንዳቸው ያስሩ። አዲሱ ሞተር ገብቶ፣ ተነድቶ፣ ሥራው አለቀ እስኪባል ድረስ ከአሮጌው ሞተር ላይ አንድም ብረት ለቁራሌው አይሰጥ።

ሞተሩ የመጣው ከየትኛው መኪና ነው?

አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ በሆነው ሶማሌ ተራ የሚሸጥ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር የግድ ከሃይሉክስ የወረደ አይደለም። ከሃይኤስ ሚኒባስ የወረደ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ዕድሉ ሰፊ ነው። ሞተሩ ያው 5ኤል ነው፤ ልብሱ ግን ሌላ ነው። በሃይኤስ ሞተሩ የሚቀመጠው ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ክንዶቹ፣ የዘይት ኮፓው፣ ከኮፓው ዘይት የሚስበው ቱቦና የአየር ማስገቢያው ከሃይሉክስ ሊለዩ ይችላሉ። የሃይኤሱን ክንድ ይዞ ወደ ሃይሉክስ ሻንሲ የሄደ ሰው ቀዳዳው አንድም ላይገጥምለት ይችላል፤ ከዚያ «5ኤል ለሃይሉክስ አይሆንም» የሚል ወሬ ይወለዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክንዶቹን፣ ኮፓውንና የዘይት መሳቢያውን ከራስዎ አሮጌ 2ኤል ወይም 3ኤል ላይ አውጥተው ወደ አዲሱ ብሎክ ማዛወር። ከመክፈልዎ በፊት ግን ክንዱን ይዘው ሄደው ብሎኩ ላይ ይለኩት፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሁሉ በጣት ያለ ግፊት መግባት አለባቸው። ኮፓው ሲቀየር መሳቢያውም አብሮ ይቀየር። ጥልቀታቸው የማይስማማ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያለው በዘይት እጦት ይቃጠላል።

ሞተሩ ከሌላ ቤተሰብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቱርቦው 1ኬዜድ፣ ያው የፋብሪካው ጥያቄ ይመለሳል። ቶዮታ 1ኬዜድን ሰርፍ በሚባለው መኪናውና በኋለኛው ትውልድ ሃይሉክስ ላይ ገጥሞታል፤ ስለዚህ ክንድና ጎማው ይገኛል። ቀሪው ጥያቄ የእርስዎ ሻንሲ መቀመጫ ነው። ባለ ባልስትራው አሮጌ ሻንሲ የፊት አክስሉ ከሥር ስለሚያልፍ የኮፓው ቅርጽ ከሱፖርቱ በፊት መልስ ሊያገኝ ይገባል። ሻጩ «ይገባል፣ ብዙ ሰው ገጥሞታል» ካለ፣ የተገጠመለትን አንድ መኪና እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከሥሩ ገብተው ይዩ።

ገበያ ሲወጡ

አሮጌውን ክንድና ጎማ ራሱን ይዘው ይሂዱ። ፎቶ ይረዳል፣ ዕቃው ግን ይበልጣል። ከባድ ነው ካሉ ካርቶን ላይ አሳርፈው ዙሪያውንና ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ያንሱ፤ በቀዳዳ መሐል መካከል ያለውን ርቀትም ጻፉበት። ካሊፐር ቢኖር የቡሎኑን ውፍረት ይለኩ። በቶዮታ ባለ 14 ቁልፍ ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 17 ደግሞ 12።

የዕቃ ቁጥር መጻፍ የሚችል ሻጭ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። በቶዮታ አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 12361 እና 12362 የፊት ሞተር ጎማዎች ናቸው፤ 12371 የኋላው ነው። ከሰረዙ በኋላ የሚመጡት ሁለት አሃዞች ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ቤተሰብ ይጠቁማሉ፤ 54 ካሉ ወደ ኤል ናፍጣ፣ 35 ካሉ ወደ አር ቤንዚን። ይህን ያወቀ ሰው ካርቶኑ ላይ «ሃይሉክስ» ስለተባለ ብቻ የቤንዚን ጎማ ይዞ አይመለስም። የቤንዚን ጎማ ቀዳዳው ቢገጥም እንኳ የናፍጣን ክብደትና ምት እንዲሸከም አልተሠራም፤ በጥቂት ወር ይተኛል።

አገዛዝ ላይ የምከተለው ሕግ አንድ ነው፦ ብረቱን አሮጌ፣ ጎማውን አዲስ። ያገለገለ ክንድ ካልተሰነጠቀና ካልተበየደ እንደ አዲስ ያገለግላል፤ የፋብሪካው ስለሆነም ከማንኛውም ቅጂ ይሻላል። በሽቦ ብሩሽ አጽድተው የቡሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያና ማጠፊያውን በብርሃን ይመርምሩ፤ ፀጉር የመሰለ መስመር ካዩ ይተዉት። ያገለገለ ጎማ ግን ርካሽ ሆኖ ውድ ነው። ከዱባይና ከሻርጃ የመጣ ሞተር ላይ ያለው ጎማ ለዓመታት በሙቀት የደረቀ፣ ዘይት የጠጣ ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ደህና መስሎ ከሳህኑ ጋር የተጣበቀበት ይለቃል።

አዲሱን ጎማ ሱቅ ውስጥ ሲመርጡ በጥፍርዎ ይጫኑት፣ ከሳህኑ ጋር በተያያዘበት ጠርዝ ዙሪያ ክፍተት ይፈልጉ፣ ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አቁመው ቁመታቸውን ያነጻጽሩ። ግራና ቀኙ በቅርጽ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ከአሮጌዎቹ ጋር ጎን ለጎን ሳያዩ አይቀበሉ። ሁልጊዜ ጥንድ ይግዙ፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ መግጠም ሞተሩን ወደ አሮጌው ያዘነብለዋል። የኋላውን የካምቢዮ ጎማም በዚያው ቀን ይግዙ። ከጎማ ይልቅ ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነውን የእሽቅድምድም ዓይነት ለሥራ መኪና አልመክርም፤ የናፍጣውን ምት በሙሉ ወደ ጋቢናው ያስተላልፋል።

ሞተሩን ሲገዙ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና ደረሰኙን ይቀበሉ፤ ብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ቆመው ያረጋግጡ። ሊብሬው ላይ አዲሱን የሞተር ቁጥር ለማስቀየር የሚጠየቀውን ከመንጃና ተሽከርካሪ ቢሮው አስቀድመው ይጠይቁ።

መግጠም

መጀመሪያ ክንዶቹ ብሎኩ ላይ ይታሰሩ። ጎማው ክንዱ ላይ ይቀመጥ፣ ዳዶው ግን በእጅ ብቻ ይያዝ። ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ፊት ላይ ሁለት ማዛመጃ ፒኖች አሉ፤ ሞተር ሲወርድ ይጠፋሉ። ከሌሉ ከአሮጌው ሞተር ላይ አውጥተው ይትከሏቸው። ያለ እነሱ ካምቢዮው ከመሐል ይስታል፤ የሚመጣው ንዝረትም ያለ ጥፋቱ በሱፖርቱ ላይ ይሳበባል።

ካምቢዮው በቦታው ከቀረ የኋላው ጎማ ይታሰርና እሱ የርዝመቱን ቦታ ይወስን። ሞተሩ ወደ እሱ ይምጣ፣ ይጋጠም፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መቀመጫዎቹ ይውረድ። ቡሎኑ በጣት የማይገባ ከሆነ በመዶሻ አያስገድዱት። ሞተሩን በክሪክ ከፍ ዝቅ፣ በዘንግ ወደ ፊት ወደ ኋላ ያድርጉት፤ ሁሉም ቡሎን በእጅ ሲገባ ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት። ማጥበቅ የሚመጣው አሁን ነው፤ ጎማው ክብደት ሳይቀበል የተጠበቀ ከሆነ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) የተጻፈበት የ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን 45 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ የ12ቱ 80 ገደማ ይበቃዋል።

አሁን ቀድመው የጻፏቸውን ቁጥሮች ያውጡና እያንዳንዱን እንደገና ይለኩ። ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሞተር በጎማው ላይ ይወዛወዛልና።

ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የምድር ገመድ ካልተመለሰ ሞተሩን የሚያስነሳው የሞተሪኖ ጅረት በጋዝ ገመድና በማርሽ ዘንጎች መንገድ ይፈልጋል፤ ጋዝ ገመዱ ግሎ የሚቀልጥበት ምክንያት ይኸው ነው። ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ገመዱ በጸዳ ብረት ላይ ይታሰር።

መሥራት ግድ ከሆነ

የፋብሪካ ክንድ ከጠፋ ወይም መቀመጫው ካልገጠመ፣ አዲሱ ብረት የፋብሪካውን ጎማ እንዲቀበል ተደርጎ ይሠራ። ያን ጊዜ ጎማው ነገ ሲያልቅ ከገበያ ይገዛል፤ በጎማ ቁራጭ የተፈለሰፈ ሱፖርት ግን ባለቤቱን ለዘላለም ከአንድ በያጅ ጋር ያስራል።

ጎማው በቦታው ሳለ አይበየድ፤ ሙቀቱ ከሳህኑ ያላቅቀዋል። በምትኩ ጎማው ክብደት ሲሸከም በሚኖረው ቁመት ልክ የብረት ቱቦ ይቁረጡና በቦታው ያስቁሙ። ሞተሩን በተለካው ቦታና ማዕዘን ደግፈው፣ 6 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ካለው ብረት ክንዱን በካርቶን ሞዴል ይቁረጡ፤ በነጥብ ብቻ ያስይዙት፤ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ በሙሉ ይበይዱት። ሦስት ማዕዘን ደጋፊ ይጨመርበት፤ ያለ እሱ ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። በቀለጠ ብረት የተሠራን የፋብሪካ ክንድ ቆርጦ መቀጠል አይሞከር። ሻንሲው ላይ በሚበየድበት ጊዜ የባትሪው ገመዶች ይነቀሉ፤ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ከአካባቢው ይራቁ፤ መቀመጫው ሰፊ ሳህን ላይ ተበይዶ ሳህኑ በሻንሲው ጎን ይለጠፍ፤ በሻንሲው የላይና የታች ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር አይኑር።

ከተነሳ በኋላ የሚፈተሽ

ኮፈኑ ተከፍቶ ረዳት ከጎን ቆሞ፣ ከፊቱ ሰው ሳይኖር፣ የእጅና የእግር ፍሬን ተይዞ ሁለተኛ ማርሽ ይግባ። ፍሪሲዮኑ በቀስታ ሲለቀቅ ሞተሩ ትንሽ ያዘነብላል። ጉልበት ሲሰጥ የሚነሳው በሾፌሩ አቅጣጫ ሲታይ የግራው ጎን ስለሆነ የግራውን ጎማ አትኩረው ይዩ፤ ከሳህኑ ከተለየ ወይም «ጓ» ካለ ይቁም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ 6.7 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የሞተር ጎማው ሲበጠስ ሞተሩ ተነስቶ ጋዙን ይዞ ይቀር ነበር።

ከዚያ ባዶውን አስፋልት ላይ፣ ቀጥሎም ኮረኮንች ላይ ይንዱት። ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሞተሩ በራሱ ክብደት ላይ ቆሞ ሳለ ሁሉንም የሱፖርት ቡሎን እንደገና ያጥብቁ፤ የአክስልና የኮፓ ርቀቱንም ሙሉ ጭነት ተጭኖ ይለኩት። አዲስ ጎማ በመጀመሪያው ሰሞን ትንሽ ይተኛል፤ ከጻፉት ቁጥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል የሚጠበቅ ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከሌላው ለይቶ ከወረደ ግን ጎማው ወይ የተሳሳተ ነው ወይ ደካማ ቅጂ ነው፤ በዋስትናው ጊዜ ወደ ሱቁ ይመለስ።